«ነፃ እኮ ነው!» ባይዋ እጩ መምህርት

በዚህች ምድር ላይ ስልክ ከያዘች እጩ መምህርት ያመለጠ ሰው የለም። ከግብር ሰብሳቢ ታመልጣለህ። ከነገረኛ ጎረቤትም በርህን ዘግተህ ትተርፋለህ። ነገ ሰሌዳ ፊት የምትቆም፣ ዛሬ ግን የምታስተምረው ሰው ያጣች ልጅ ቤትህ ውስጥ ካለች ግን አለቀልህ። ተማሪዋ አንተ ነህ።

በየሰፈሩ አንዷ አትጠፋም፤ ታውቋታላችሁ። ኢንተርኔት ላይ አዲስ ነገር ባገኘች ቁጥር ከወንበሯ ተስፈንጥራ ትነሳለች፣ ያገኘችውን ሰው ክንድ ትይዛለች፣ ስልኳን አፍንጫው ሥር ትደቅናለች። የእኛ ቤቷ የእህቴ ልጅ ናት። መምህራን ኮሌጅ ስትገባ ለትምህርቷ ይቀርባታል ተብሎ እኛ ዘንድ መጣች። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ክብርት እጩ መምህርት» እያልኩ እጠራታለሁ። ክብርትነታቸው ገና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ዋይፋያችንን ፈተሹ።

እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ኮሌጅ ሳይሆን የተቃጠለ ሬዲዮ ነው። ስለዚህ «ነፃ» የሚባል ዕቃ ሲመጣብኝ ጀርባውን ከፍቼ ሳላይ አላምንም።

«ጋሼ፣ ይሄን እይልኝ! የትምህርት ዕቅድ ያወጣልሃል፣ ፈተና ያዘጋጅልሃል፣ ያርምልሃል። ነፃ እኮ ነው!»

«ነፃ ከሆነ ባለቤቱ ምን ይበላል?»

«ማስታወቂያ ይበላላ!»

«ማስታወቂያውንስ ማን ይበላዋል?»

«እኛ ነና!» ብላ ሳቀች። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ገብቷታል፣ ግን አትፈራም።

መጀመሪያ የጋራ ቀን መቁጠሪያ አመጣችብን። የሁላችንም ውሎ በሁላችንም ስልክ ላይ በቀለም ተለይቶ ይታያል። የባለቤቴ አረንጓዴ፣ የእሷ ሰማያዊ፣ የእኔ ቀይ። አንድ ምሽት ስልኬ ጮኸ። ባየው፣ «ጋሼ ስለ ትምህርት ሥርዓቱ ይናደዳል፤ ግማሽ ሰዓት» ይላል። በየቀኑ እንዲደጋገም አድርጋዋለች! ልቆጣት አፌን ስከፍት ስልኳን አየት አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ገና ነው፤ ሰዓትህ ሲደርስ» አለችኝ።

ቀጥሎ የሥራ ሰሌዳ የሚባለው መጣ። ሦስት ዓምድ አለው፤ «ሊሠራ የታሰበ»፣ «እየተሠራ ያለ»፣ «ያለቀ»። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ከመጀመሪያው ዓምድ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ቤቴ ውስጥ ሰላም የለኝም። ባለቤቴ ሰሌዳውን ከቃል ኪዳን ቀለበቷ አብልጣ ወደደችው። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ ነገር ሲፈጥንባቸው «ያዝ አድርጊው እንጂ!» ስለሚሉ «አባባ ፍሬን» የምንላቸው፣ እሳቸው እንኳ አልቀሩም። የመድኃኒት ሰዓታቸውን አስገባችላቸው። አሁን ስልካቸው ሲጮህ «መምህርቴ ጠራችኝ» ብለው ውኃ ይፈልጋሉ።

ስለ ንዴቴ ግን ልናገር፤ ሰዓቴ ደርሷል። ኮሌጇ ውስጥ «ተማሪን ያሳተፈ የማስተማር ዘዴ» የሚባል ትምህርት አለ። እንዴት እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ? መምህሩ ቁጭ ብሎ ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ያነባል፤ እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ! ልምምድ የምትወጣበት ትምህርት ቤት ደግሞ ፕሮጀክተር አለው። ብርቅ ሆኖ በርዕሰ መምህሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እንዳይበላሽ ነው አሉ። ልጆቹ ሲበላሹ የሚቆልፍላቸው ማን ነው?

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ልጅቷ ስለምጨነቅ ነው። በመጀመሪያው የማስተማር ልምምዷ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ቆመች፣ ድምፅዋ ጠፋ። የኮሌጁ ተቆጣጣሪ «ክፍሉን መምራት አልቻለችም» ብለው ጻፉ። አንድ ዕድል ቀርቷታል። በዚያ ከወደቀች ዓመቱ ተቃጠለ፤ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፣ መምህርነቱም ይቀራል። እንግዲህ ያ ሁሉ አፕ፣ ያ ሁሉ ቀለምና ጩኸት ፍርሃቷን ሰብስባ መልክ የምታስይዝበት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የማስተማር ፈተናዋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከክፍሏ እየጮኸች ወጣች።

«አገኘሁት! ጋሼ፣ አገኘሁት! ለልጆቹ ስልክ አያስፈልጋቸውም! ወረቀት ብቻ!»

«ያዝ አድርጊው እንጂ ልጄ!» አሉ አባባ ፍሬን፣ ሻያቸው ተደፍቶባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ጥቁር ምስል የታተመበት ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ አራት ጎን አለው፣ እያንዳንዱ ጎን አንድ መልስ ነው። ተማሪው የመረጠውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ካርዱን ያነሳል። መምህሯ በስልኳ ካሜራ ክፍሉን ቃኘት ስታደርግ የሁሉም መልስ በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ ያገኘ አረንጓዴ፣ የሳተ ቀይ። ጀርባውን ልከፍት ፈለግሁ፤ ጀርባ የለውም። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ።

በፈተናው ዋዜማ ራት ላይ ተለማመደችብን። ሦስታችንንም በቅጽል ስም መዘገበችን፤ «የቤቱ አለቃ»፣ «አባባ ፍሬን»፣ «ጋሼ ነጎድጓድ»። ጥያቄው «ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል?» ነበር። ካርዳችንን አነሳን። ባለቤቴ አረንጓዴ። አባባ ፍሬን አረንጓዴ። እኔ ቀይ።

«ካርዱን አዙሬ ይዤው ነው» አልኩ።

«አራት ከሦስት ስለሚበልጥ አንድ አራተኛ የሚበልጥ መስሎት ነው» አለች ባለቤቴ።

«አዙሬ ነው አልኩ እኮ! ደግሞ ሲሶና ሩብ ብላ በወጉ ብትጠይቀኝ...»

አባባ ፍሬን ሳል እስኪይዛቸው ሳቁብኝ።

በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት አይሠራም ስለተባለ ረጅም ኤክስቴንሽን ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። ፕሮጀክተሩ ከነአቧራው ከእስሩ ተፈቷል። ገመዱን ከጎረቤት ክፍል ስቤ አገናኘሁና ኋላ ወንበር ላይ፣ ከተቆጣጣሪው ጎን ተቀመጥኩ። አራተኛ ክፍሎች ናቸው፤ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተጣብበዋል። ካርዳቸውን እንደ ማራገቢያ ያርገበግባሉ።

ክብርትነታቸው ስልካቸውን ከፕሮጀክተሩ አገናኙ። ግድግዳው በራ።

በራና፣ ከ«አራተኛ ክፍል» ይልቅ «የእኛ ቤት» የሚለውን የማታውን መዝገብ ተከፍቶ እንዳደረ ትታው ኖሯል። የማታው ጥያቄ ከነውጤቱ ግድግዳውን ሞላው። የቤቱ አለቃ፣ አረንጓዴ። አባባ ፍሬን፣ አረንጓዴ። ጋሼ ነጎድጓድ፣ እንደ ትራፊክ መብራት ቀይ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ተቆጣጣሪው እስክሪብቷቸውን አነሱ። እሷ ስልኳን እንደያዘች ደረቀች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ያው የመጀመሪያው ቀን ተመልሶ መጣባት።

«ቲቸር፣ ጋሼ ነጎድጓድ ማነው?» አለች ፊት ወንበር ላይ ያለች፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ።

እጩ መምህርቷ ዓይኗን ወደ ኋላ ወርውራ እኔን አየችኝ።

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ!» አልኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቅጽል ስሜ ለምን እንደወጣልኝ ሁሉም ገባቸው። «ምን ያስቃል? አራት ከሦስት አይበልጥም እንዴ? አንድ አራተኛ ነው የሚበልጠው!»

«አይበልጥም!» ግማሹ ክፍል ጮኸ።

«ይበልጣል!» ሌላው ግማሽ ጮኸ። ወገኖቼ ብዙ ነበሩ።

ይሄኔ ድምፅዋ መጣ። ቀጭን ሆኖ ጀመረ፣ እየሄደ ወፈረ። «ቆይ፣ ቆይ! ጋሼ በጣም ግትር ነው፤ በጩኸት አያምንም። ማነው በሥዕል የሚያሳየው?»

ጥርሷ የወለቀችው ልጅ ሮጣ ወጣች። ሁለት እኩል ዳቦ ሣለች። አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአራት ቆረጠችና ዞር ብላ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እርቦዎታል እንበል። ከየትኛው አንድ ቁራጭ ይወስዳሉ?»

«ከመጀመሪያው» አልኩ።

«ታዲያስ!» አለችኝ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ከዚያ በኋላ ያንን ክፍል ማን ያቆመዋል? እጩ መምህርቷ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ታዥጎደጉዳለች፣ ካርዶች ይነሳሉ፣ ስልኳ ይቃኛል። ቀይ የሆነውን ጎረቤቱ ያስረዳዋል። እየቆየ ግድግዳው ዝናብ እንዳገኘ መስክ አረንጓዴ ሆነ። ደወል ሲደወል ልጆቹ «ገና ነው!» ብለው ተቃወሙ። ትምህርት እንዲቀጥል ሰልፍ ሲወጣ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ተቆጣጣሪው ወረቀታቸው ላይ ሲጽፉ አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። «ክፍሉን መርታለች። አልፋለች።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «በእውነት አያውቁትም ነበር?» አሉኝ።

«ካርዱን አዙሬ ይዤው ነው» አልኩ።

ማታ ቤት ውስጥ እልልታና ሳቅ ሆነ። አባባ ፍሬን «አሁንስ ንጂው!» አሉ። ባለቤቴ ሰሌዳውን ከፍታ «የማስተማር ልምምድ» የሚለውን ወደ «ያለቀ» ወሰደችው፤ ቧንቧዬ ባለበት ቀረ። በመካከል ስልኬ ጮኸ፤ የንዴት ሰዓቴ ነው። ሁሉም አፌን ይጠብቃሉ። እኔ ግን የምናደድበት አጣሁ።

«መምህርት» አልኳት። «ክብርት»ም «እጩ»ም ሳልል። «እስቲ ያንን ካርድ አምጪልኝ።»

«ጋሼ! ደክሞሃል እኮ፣ ምን ያደርግልሃል?»

«አምጪው እንጂ፣ ነፃ እኮ ነው!»

ተቀበልኳት። ባለቤቴ በጎን እያየችኝ፣ በዚህኛው ዙር የሲሶውን ጎን ወደ ላይ አድርጌ ያዝኩት።