የማቋረጥ መብት አለዎት

በየሰፈሩ አንድ የማይመረቅ የማስተርስ ተማሪ አለ። ለእኛ ለሮቤዎች የደረሰችን ክብርት ተመራማሪ ሰቢሪና ናት፤ በሥራ ሰዓት ነርስ፣ በተረፈው ሁሉ የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ። ጎረቤቴ ናት። «ጥናቱ እንዴት ነው?» ስትሏት መልሷ አንድ ነው፤ «አልቋል እኮ፣ ትንሽ ማስተካከያ ነው የቀረችው።» ይህችን ትንሽ ማስተካከያ እየሰማን ልጆቻችንን ለወግ ማዕረግ አብቅተናል።

ጥናቷ የባሌ ደጋ እናቶች ላይ ነው። ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ቤት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተሠርቶላቸው ሳለ ለምን ጥለውት ሄደው ቤታቸው ይወልዳሉ? ይህን ያልጠየቀችው ፍጡር የለም። ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት የወሊድ ታሪኳን ሳታስረክብ አትወርድም። በሠርግ ጠይቃለች፣ በለቅሶ ድንኳን ጠይቃለች፣ እኔን ጡረተኛውን መምህር እንኳ አጥር ላይ አስደግፋ ጠይቃኛለች። ደግሞ የጥናት ሥነ ምግባሯ! መጀመሪያ ቃለ መሐላ እንደሚፈጽም ሰው ቀጥ ብላ ትቆምና «ጋሼ ደምመላሽ፣ በማንኛውም ሰዓት የማቋረጥ መብት አለዎት» ትላለች። ጨው ልትበደር ስትመጣም ትለዋለች። በዚህ መብት ተጠቅሞ ያመለጣት ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ጣጣው የመጣው ከመልሱ ነው። መጠይቁ ላይ «መንገዱ ርቆ»፣ «ብር አጥሮ»፣ «ባል ከልክሎ» የሚሉ ምርጫዎች ተደርድረው መጨረሻ ላይ «ሌላ» የምትል ጠባብ ቦታ አለች። እናቶቹ ተያይዘው «ሌላ» ውስጥ ገቡ። ሌላው ምን መሰላችሁ? ገንፎ። እዚያ ሴት ስትወልድ ጎረቤት ተሰብስቦ ማርቃ የሚሉትን ገንፎ ያገነፋል፣ ቅቤው መሃሉ ላይ ይፈሳል፣ እልልታው ይቀልጣል። ጤና ጣቢያው ግን እሳት ማንደድ ከልክሏል፤ ጎረቤትም ከበር ይመለሳል። ከጎባ በላይ ያገኘቻት ጤቤ የምትባል እናት «ማርቃ ካልተበላልኝ መውለዴን ማን ያውቅልኛል?» አለቻት።

አማካሪዋ ግን «የመረጃ ስህተት ነው» አሉ። «እነዚህን ‹መንገዱ ርቆ› ውስጥ አስገቢያቸውና ዘንድሮ ተመረቂ። አለዚያ ጊዜሽ አልቋል፣ ትሰናበቻለሽ።»

እኔም ሳልጠየቅ ገባሁበት። «ሰቢሪና ልጄ፣ አስገቢያቸውና ጋውንሽን ልበሺ። ማን ያይሻል?»

«የጤቤ ቤት እኮ ከጤና ጣቢያው ጋር በአጥር ነው የሚዋሰነው፣ ጋሼ። ወላሂ፣ ምን ብዬ ነው መንገዱን የማስረዝምባት?»

ባለፈው ሳምንት ፈታኞቹ ፊት ቀረበች። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዱ መነጽራቸውን አውልቀው «እንዲህ ድርቅ ከምትዪ ብታቋርጪው አይሻልም?» አሏት። ሰቢሪና ቀጥ ብላ ቆመች። ያችን አቋቋም አውቃታለሁ።

«የማቋረጥ መብት አለኝ» አለች። «አልጠቀምበትም።»

አላለፈችም። «ገንፎው እውነት ምክንያት ከሆነ አሳዪን» ብለው አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጧት። ከዚያ ወዲህ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ስትሟገት ሰነበተች፤ ግቢው ጥግ ላይ ጉልቻ አስፈቀደች፣ ጎረቤትም እንዲገባ አስፈቀደች። እናቶቹ ከቆዩ ትመረቃለች፤ ካልቆዩ የእስካሁኑ ልፋት ሁሉ ገደል ገባ።

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ በሬ ተንኳኳ። ሰቢሪና ናት፤ ትልቅ ብረት ድስት ታቅፋለች፣ ከኋላዋ ወደ መናኸሪያ የሚያደርሳት ጋሪ ቆሟል።

«ጋሼ፣ የገብስ ዱቄቱን ጤና ጣቢያው ድረስ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ። ደጋው ይበርዳል፣ ጉልበትዎንም ያምዎታል። በማንኛውም ሰዓት...»

«አውቀዋለሁ!» ብዬ ጮህኩባት።

ጉልበቴን በእርግጥም ያመኛል። ለማገንፋት ደግሞ እጄ አልተፈጠረም። ግን ይህችን ደረቅ ልጅ እወዳታለሁ፤ ዲግሪውን ከለከሏትም አልከለከሏትም እወዳታለሁ። ጋቢዬን ደረብኩና ዱቄቱን ተሸክሜ ጋሪው ላይ ወጣሁ። መብቴን ጠንቅቄ አውቃለሁ። አልተጠቀምኩበትም።