ሳሎናችን ውስጥ የቆመው ሰው

ሳሎን ለእንግዳ ነው ይባላል እንጂ ውሸት ነው። ሳሎን ለቴሌቪዥን ነው። ካላመናችሁኝ ወንበሮቻችሁን ተመልከቱ። ድሮ በእኛ በሸዋ ሮቢት ወንበር የሚቀመጠው ፊቱን ወደ በር አዙሮ ነበር፤ ነፋሱም ሰውም የሚመጣው በዚያ ስለሆነ። ዛሬ ማንም ቤት ብትገቡ ወንበሩ ሁሉ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቷል። እንግዳ ሲመጣ አንገታችንን ጠምዘዝ አድርገን «ግቡ» እንላለን፤ እንግዳውም ገብቶ ሲቀመጥ እንደኛው ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አንድ የሚመጣ ነገር እንዳለ ሁሉ ተደርድረን እንጠብቃለን። ምን እንደምንጠብቅ ግን የነገረን የለም።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም። ሠላሳ ዓመት የውኃ አባት ሆኜ ስሠራ የማንንም ማሳ ሳላጠፋ የወጣሁት በፍርሃቴ ነው። የውኃ አባት ማለት የመስኖውን ቦይ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ ለማን ሽንኩርት ለማን ማሾ መቼ ውኃ እንደሚደርስ የሚደለድል ሰው ነው። ከሮቢ ወንዝ ጋር ያን ያህል ዘመን ኖሮ የማይፈራ ሰው ካለ ጤናውን እጠራጠራለሁ። ወንዙ ጠዋት ቁርጭምጭሚት አይሞላም፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እኛን እዚህ ፀሐይ እየቆላን፣ በሬ የሚያክል ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ አያለሁ። የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ፣ ምድጃውን ሁለት ጊዜ።

ልጄ ሂሩት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ይዛው የመጣች ኮምፒውተር አላት፤ በእሱ ጌም ትጫወታለች። ትልቅ ሴት ጌም ትጫወታለች ብላችሁ እንዳትስቁባት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ የምትውል ልጅ ናት፣ ማታ ሌላ ዓለም ብትፈልግ ምን ይፈረድባታል? ባለፈው ክረምት አንድ ቀጭን ገመድ ይዛ መጣችና አንዱን ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሌላውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካችው። ገመዱን ሁለት ጊዜ ነካሁት። አይነዝርም።

«ለምን እዚያው በትንሹ አትጫወቺም?» አልኳት።

«ትልቅ ሆኖ ላየው ፈልጌ ነው፣ አባባ።»

ምኑን እንደሆነ ያን ቀን አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ራሴ አየሁት።

ጌሙ እንዲህ ነው። አንድ ሰው አለ፤ ተራራና ጫካና ወንዝ ያለበት፣ ከተማ የሌለበት አገር ውስጥ ይሄዳል። ሥራው መሄድ ነው፣ ሌላ የለውም። በእጅ በምትያዝ መቆጣጠሪያ ትመሩታላችሁ፤ ካልነካችሁት ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። መልኩን የሚሠራው ደግሞ ተጫዋቹ ነው፤ አፍንጫውን፣ ግንባሩን፣ የጠጉሩን አቆራረጥ እየመረጠ። ሂሩት የመረጠችውን መልክ ሳየው ወዲያው ዐወቅሁት። ካሳሁን ነው። ወንድሟ።

ካሳሁን ከሦስት ዓመት በፊት ከአራት የማጀቴ ከተማ ልጆች ጋር ሆኖ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ባሕር የሄደ ልጄ ነው። ከአምስቱ አንዱ ተመለሰ። የተመለሰውም ሲናገር፣ በሁለት ጀልባ ከፋፈሏቸው፣ አንደኛው ጀልባ ሰጠመ፣ ካሳሁን የትኛው ላይ እንደወጣ በጨለማ አላየሁም አለ። የሌሎቹ ልጆች ቤተሰቦች ለቅሶ ተቀመጡ፣ ተዝካር አወጡ። እኔ እምቢ አልኩ። ልጄን ሮቢ ወንዝ ላይ ያሻገርኩት፣ በጎርፍ ጊዜ እግሩ የት እንደሚረግጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ውኃ እሱን አይበላውም አልኩ። ፈሪው ሰው በዚህ በአንዱ ብቻ ደፋር ሆንኩ። ድፍረት ካላችሁት።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ሂሩት ጠዋት ስትወጣ አንዳንዴ ሳታጠፋው ትሄዳለች። ቀን ላይ፣ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ቤት ሲያስገባው፣ እኔና እሱ ሳሎን ውስጥ ብቻችንን እንቀራለን። እውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፤ እሱ ያለበት አገር ይዘንባል። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይተነፍሳል ማለት ነው። ትንሽ ይቆይና ቀኝ እጁን ወደ ማጅራቱ ወስዶ ያሻል። ካሳሁን ሲጨንቀው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልክ እንዲሁ፣ ክርኑን ወደ ላይ አድርጎ። ሂሩት ስትመለስ ይህን እንዴት አስተማርሽው ብዬ ጠየቅኋት። መልሷን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ ፊቱን ብቻ ነው የሠራሁት፣ አባባ። እጁን ያገኘሁት እንደዚያው ነው። ይህን ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ ጋ እንደዚያ ያደርጋል።»

እንግዲህ አስቡት። በዓለም ላይ ስንቱ ቤት፣ ስንቱ ግድግዳ ላይ፣ በማላውቀው ሰው ፊት የልጄ እጅ ማጅራት ያሻል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከፊቱ ለመሸሽ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ ግን ባሰብኝ፤ መለስኩት። አንድ ቀን ጓሮ ወጥቼ ስገባ ተቀምጦ አገኘሁት። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ካልነኩት በራሱ እንደሚቀመጥ ሂሩት ኋላ ነገረችኝ። እኔ ግን ያኔ «እንደምን ዋልክ?» ብዬዋለሁ። ምን ላድርግ? ሰው ቤት ገብቶ ሰው ተቀምጦ ሲያገኝ ሌላ ምን ይላል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሂሩት እየተጫወተች ሳለ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ የንስሐ አባታችን መምሬ ጥላሁን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከልጄ ብዙም አይበልጥ፣ ግን እኔም «አባቴ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም አንቱ ይሉኛል። ሌላዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናት፤ ካሳሁንን ሕፃን ሳለ ያዘለችው እሷ ናት። አብረው ሲገቡ ሳያቸው የመጡበት ገባኝ። እድሩ ልኳቸዋል። ቁርጡን ተቀብዬ ለቅሶ እንድቀመጥ ሊለምኑኝ ነው። በእኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲገቡ አይነገርም፤ መጀመሪያ ሙቀቱ ይነሣል፣ ቀጥሎ ማሾው እንዴት እንደያዘ፣ ከዚያ ዝም ይባላል፣ ከዝምታው በኋላ ይመጣል። ሂሩት መቆጣጠሪያውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀዝቃዛ ውኃ ልታመጣ ሄደች። ሰውየው ከአንድ ድፍርስ ወንዝ ዳር ቆሞ ቀረ።

ሙቀቱ ተነሣ። ማሾው ተነሣ። ዝምታው ላይ ስንደርስ፣ ወንበሩ ሁሉ የሚያየው ወደዚያ ነውና፣ ሦስታችንም ቴሌቪዥኑን እያየን ነበር።

«ይኼ ማነው?» አሉ መምሬ ጥላሁን።

«የሂሩት ጌም ነው።»

እትዬ ዘነበች ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። «አያ በላይ» አለችኝ፣ «ይኼ እኮ ካሴ ነው።» ወዲያው ሰውየው ማጅራቱን አሸ። ዘነበች ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

መምሬ ወደኔ ዞሩ። «አቶ በላይ፣ እኛም የመጣነው በእሱ ነገር ነው። እርስዎም እንዲህ ቆመው፣ እሱንም አቁመውት እስከ መቼ ይኖራሉ? ፍታት ያላገኘች ነፍስ መንገድ ላይ ናት። ይልቀቁት።»

ይህ ቃል ጎኔን ወጋኝ። የተወጋ ሰው ደግሞ እጁ ያገኘውን ያነሣል፤ እኔ ያነሣሁት መቆጣጠሪያውን ነው። ከዚያ በፊት ነክቼው አላውቅም።

«ልጄ ውኃ ያውቃል» አልኩ። «እዩ፣ ላሳያችሁ። ሂሩት፣ በየት በኩል ነው ወደ ፊት የሚሄደው?»

ሂሩት ትሪውን ይዛ በር ላይ ቆማለች። «አባባ፣ እዚያ ጋ አይሻገርም» አለች።

«በየት በኩል ነው ያልኩሽ?»

«በግራ አውራ ጣት።»

ገፋሁት። ገባ። ወንዝ ፊት ለፊት አይጋፉትም፤ ትከሻ ሰጥተውት፣ እሱ ወደሚሄድበት እያደሉ፣ በሰያፍ ነው የሚወርዱት። ልጄን ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ እዚያም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጉልበቱ ደረሰ። ወገቡ ደረሰ። መምሬ ሳያውቁት ከወንበራቸው ጫፍ ወጥተዋል። «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ይነጣል፣ ጥልቅ አይደለም» አሉኝ፤ ልጄን ሊያስቀብሩኝ የመጡት ሰው። ዘነበች «አይዞህ፣ ካሴ፣ አይዞህ» ትላለች በለሆሳስ። ደረቱ ደረሰ። ሌላ ሦስት እርምጃ ቢጨምር ማዶውን ይይዝ ነበር። መሐል ላይ ግን እኔ የማላውቀው ጉድጓድ ኖሮ እግሩ ከዳው፤ እጆቹን አነሣ፤ አንድ ጊዜ ፊቱን ወደኛ አዞረ፤ ውኃው ገጠመ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ። ጥቁሩ ላይ የአራታችን ፊት ታየ።

እትዬ ዘነበች ጮኸች።

የሞት ጩኸት ከሌላ ጩኸት ይለያል፤ ሰፈር አይሳሳትበትም። በሙቀቱ ምክንያት የሁሉም በር ክፍት ነበረ። ዘነበች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ደረቷን እየደቃች ስሙን ስትጠራ፣ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሴት ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሌላ። ሁለት ባጃጆች ቆሙ። በዚህ መሐል ቴሌቪዥኑ ሳሎናችን ውስጥ ቀስ ብሎ በራ። ሰውየው ወንዙ ዳር፣ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ፣ ልብሱ ሳይረጥብ ቆሟል። እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጓል። ያየነው እኔ፣ ሂሩትና መምሬ ነን። መምሬ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ እሱ አማተቡ። ባርከውት ይሁን ገሥጸውት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ሰዉን ላስቆም ወደ በሩ ሄጃለሁ፤ ይህን መዝግቡልኝ። «ተመለሱ፣ አልሞተም» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ማስረጃህ ምንድን ነው ቢሉኝ ግን ምን አሳያለሁ? ቴሌቪዥን ላይ የቆመውን? ሦስት ዓመት ሙሉ ማስረጃዬ ልጄን ያስተማርኩት መሻገር ነበር፤ እሱንም አሁን በገዛ አውራ ጣቴ ሞክሬው አየሁ። እደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ መጀመሪያ የደረሰችው እዚሁ ሰፈራችን የምትኖር፣ ከአራቱ የማጀቴ ልጆች የአንዱ አክስት ናት። አቅፋኝ «እንኳን ቆረጠልህ፣ እንኳን ዐወቅኸው» አለችኝ። ትከሻዋ ላይ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔ ነበር።

በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቃሉ ተመርጦ። የእኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን መጣ። ድንኳኑ ሲጣል፣ ሰዉ «ማን ነገራቸው? ከየት ተሰማ?» ሲል፣ መምሬ ጥላሁን «እርግጠኛ ነገር ነው» አሉ። ካህን እንዲህ ካለ ማን ይጠይቃል? ዘነበች በበኩሏ እስከ ዛሬ «በዓይኔ አየሁት» ነው የምትለው። አልዋሸችም።

ከሴቶቹ አንዷ የለቅሶ ቤት ነው ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ ጋቢ ጣለችበት። ማጥፋቱን ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ ሙሾው ጋብ ባለ ቁጥር፣ ሰዉ እንባውን ሲያብስ፣ ከጋቢው ሥር የውኃ ድምፅ ይሰማ ነበር። ወንዙ ነው። አንድ ከቀወት ገጠር የመጣ ገበሬ፣ ድሮ ውኃ የማድለው ሰው፣ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና ወደኔ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ቦዩ ተለቋል እንዴ?»

«አዎ» አልኩት።

«ማን ለቀቀው?»

«እኔ ነኝ።»

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ፣ የእድሩ ወንበሮች በጋሪ ሄዱ፣ ቤቱ ጭር አለ። እኔና ሂሩት ቁጭ ብለን ጋቢውን አየነው። ተነሥታ ገለጠችው። እዚያው ነው። ሰዉ ሁሉ እንደ ሞተ ተስማምቶ፣ ንፍሮ ተበልቶለት፣ ፍታት ተደርጎለት፣ እሱ ከድፍርሱ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ይተነፍሳል።

«አባባ፣ ከኮምፒውተሩ ፈጽሜ ልሰርዘው?» አለችኝ። መቆጣጠሪያውን ይዛለች። እሷ የምትጠይቀኝ ስለ ጌሙ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ቁርጡን ተቀብለሃል ወይ ነው የምትለኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ለመቶ ሰው «አዎ» ብያለሁ፤ ለእሷ ለአንዷ ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ።

ሰውየውን አየሁት። እሱም አየኝ፤ ወይም ወደኔ ዞሯል።

«ተይው» አልኳት። «ከወንዙ ግን አርቂው።»

አስነሥታ አዞረችው። ጀርባውን ሰጥቶን ዳገቱን ወጣ፤ ዛፎቹ ድረስ ሄዶ ቆመ።

«እዚህ ይበቃል?»

«ትንሽ ጨምሪ» አልኳት።