የእትዬ ናሲቤኮ ንቦች

በየሰፈሩ ሰውን ትቶ የሰውን አበባ ሰላም የሚል አንድ ፍጡር አይጠፋም። እኛ መንገድ፣ እዚህ ማላዊ ዞምባ ተራራ ሥር፣ ይህ ሹመት የክብርት እትዬ ናሲቤኮ ነው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰው ግቢ ሲገቡ "እንዴት አደራችሁ" አያውቁም። "ዛሬ ንብ መጣ?" ነው የሚሉት።

ደጃቸው ያለው አበባ ሁሉ አንዴ ተተክሎ በየዓመቱ ከገዛ ሥሩ የሚያቆጠቁጥ ነው። የፈረስ ዘንግ የሚሉት ብርቱካንማ አበባ አጥሩን አልፎ ወጥቷል። አንዱን ዓይነት እዚህም እዚያም አይበትኑም፤ አንድ ቦታ ያጭቁታል። ለምን ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ንብ ለአንዲት ጉርሻ ብላ ያን ሁሉ መንገድ የምትመጣ ይመስልሃል?" አሉኝ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን አቶ ካሊያቲ ልጃቸው ተነድፎባቸው የመድኃኒት መርጫ ተሸክመው ከች አሉ። "ዛሬ ሁሉንም ነው የምረጨው!"

እትዬ ናሲቤኮ አበባቸው ፊት ተገተሩ። "አንተ ካሊያቲ! ማንጎህ ባለፈው እንደዚያ ያፈራው በማን ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ሳዋልድ ያለ አባት የተወለደ አላየሁም!"

አቶ ካሊያቲ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ መርጫቸውን ይዘው ተመለሱ።

ኋላ ግን የባሰ መጣ። አከራያቸው ግቢውን ለመኪና ማቆሚያ ሲሚንቶ ሊያስለብሱት ቆረጡ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ያለቅሳሉ ወይስ ይራገማሉ እያለ በአጥር ያጮልቅ ነበር። እሳቸው ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው፣ አካፋ ይዘው ወጡ። እያንዳንዱን ተክል ከነአፈሩ ነቀሉ፣ ሥሩን በቢላ ከፈሉ፣ ከዚያ በየበሩ ዞሩ።

"ያዝ!" አሉኝ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ቦታ የለኝም።"

"መኪና አለህ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው ቦታ አለህ።"

ዝናቡ ሲመጣ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አበበ። እሳቸውም አንድ ግቢ ተነጥቀው የሁላችንንም ወረሱ። በማለዳ ሳያንኳኩ ይገባሉ፤ ይጎነበሳሉ፤ ይቆጣሉ።

የኔን ቡቃያ ጥላ ሥር ነው የተከልኩት። "ፀሐይ ፀሐይ እያለ ሲጮህ አይሰማህም? ጆሮ የለህም?" ይሉኛል በመጡ ቁጥር።

"ነገ አነሳዋለሁ፣ እትዬ።"

አላነሳውም። ደህና ካበበ ምን ብለው ይመጣሉ?