ዓይናፋሩ ዘፋኝና የእኔ ሆድ

ሰው ሳይጠየቅ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የሚያስደስተው የሌላውን ጠባይ መገመት ይመስለኛል። ደመወዝ የለው፣ ጡረታ የለው። ዘንድሮማ ስልኩ ራሱ አምስት ስድስት ጥያቄ ጠይቆ «አንተ እንዲህ ያለህ ሰው ነህ» ማለት ጀምሯል። እኔ ግን ያለ ስልክ ነው የምገምተው። ሰቆጣ ላይ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ በበር ሲገባ የቤት ሥራውን መሥራት አለመሥራቱን ከአረማመዱ አውቅ ነበር። ቢያንስ አውቃለሁ እል ነበር።

ታዲያ አምና ለሻደይ በዓል አንድ ዘፋኝ በእንግድነት ይመጣል ተባለ። ዘፋኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፊልምም ይሠራል፣ ፖለቲካም ይናገራል። ባለሥልጣን ፊት ቆሞ የልቡን ሲያወርደው በቴሌቪዥን ካያችሁት፣ እናንተ ፈርታችሁለት ድምፁን ሳትቀንሱ አልቀራችሁም። እኔም ሰው በተሰበሰበበት «ይኼ እሳት የላሰ ነው! ጨዋታ ወዳድ፣ ሰው ካላየ የማያድር!» ብዬ ፈረድኩ።

ጎረቤቴ መሪጌታ ፍሬው ሳቁ። «ዓይናፋር ነው» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«እኔ ማኅሌት ላይ ስቆም አይተኸኛል። ቤቴ ስገባስ ድምፄን ሰምተህ ታውቃለህ?»

እልህ ያዘኝ። «ከተሳሳትኩ ሜዳው ላይ፣ ከሻደይ ልጃገረዶች መሐል ገብቼ እጨፍራለሁ!» አልኩ። ወይ ምላስ! ባለቤቴ ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በገዛ ሠርጌ ቀን «ሆዴን አሞኛል» ብዬ ለጭፈራ ከወንበሬ ያልተነሳሁት ፈርቼ መሆኑን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

እንግዳው መጣ። ምሳ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩና በፖለቲካው ልቆሰቁሰው ሞከርኩ። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ጋሼ፣ እሱን መድረክ ላይ ብናገረው ይቀለኛል» አለኝ በሹክሹክታ፤ ከዚያ በኋላ ከ«እሺ» እና ከ«አመሰግናለሁ» ሌላ ቃል አልወጣውም። መሪጌታም ሰምተዋል። ማየት ብቻ አዩኝ።

በማግስቱ ሜዳው ሞላ። ልጃገረዶቹ የሻደዩን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮው እየተመታ፣ ስሜን እየጠሩ መዝፈን ጀመሩ፤ መሪጌታ ነግረዋቸው ኖሯል።  ሆዴን፣ እውነቱን ነው የምላችሁ፣ አመመኝ። ከሰው ጀርባ ተደብቄ ሳለ፣ እዚያው የተደበቀ ሌላ ሰው አገኘሁ። ዘፋኙ!

«እኔም ሁልጊዜ እንዲሁ ነኝ፣ ጋሼ» አለኝ። «መጀመሪያ ይጩሁ። እግርዎ ይከተላል።»

ጮህኩ። እንዴት እንደጨፈርኩ አትጠይቁኝ፤ እልልታው ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ደስ ሲል!

ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ጠባዬን ገምታ ጨርሳለች። የሰፈራችን ቧንቧ ሲደርቅ፣ ውኃ ቢሮ ገብቶ የሚናገር ሲጠፋ «እሱን ላኩት፣ እሱ ምን ይፈራል!» ይባላል። እሄዳለሁ። በሩ ላይ እግሬ ልመለስ ሲል ጮህ ብዬ እጀምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ውኃው ሲለቀቅ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አመሰገነኝ፣ ደረቴን ነፋሁ።

ሲሄዱ ትርንጎ የሞቀ ውኃ በጤና አዳም አቀረበችልኝ። «በል ጠጣ» አለች፣ «ሆድህን ሳያምህ አልቀረም።»