የወይዘሮ አሳየሽ ድሪ

ሌባ ብር ይወስዳል እንጂ አያጠቁርም። ብርን የሚያጠቁሩት ጠባቂዎቹ ናቸው። በሶዶ በየሰፈሩ አንዲት እንዲህ ያለች ጠባቂ አትጠፋም፤ ሶፋዋ ከነላስቲኩ ያረጀ፣ የእንግዳ ብርጭቆዋን እንግዳ ነክቶት የማያውቅ፣ ያላትን ሁሉ ከሰው፣ በተለይም ከራሷ የምትጠብቅ።

የሩታ እናት ወይዘሮ አሳየሽ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት ሠርተዋል፤ ከእናታቸው የወረሱት የብር ድሪም ከዚያ ሥርዓት አላመለጠም። ድሪው በጋዜጣ ይጠቀለላል። ጋዜጣው ከአሮጌ የሞተር ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ ካልሲ፣ ከዚያ ፌስታል፣ ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ከዚያ ቁልፍ። ሚኒስትር እንኳ እንዲህ አይታጀብም።

መቼ እንደሚደረግ ለሚጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "ለቀኑ ነው።"

ቀኑ ግን አስቸጋሪ ፍጥረት ሆነ። ሩታ ስትመረቅ ዘነበ፤ ብር ዝናብ አይወድም። የወንድሟ የጌታነህ ሠርግ ላይ ሰው በዛ፤ ብር ግርግር አይወድም። ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ደግሞ ቅቤው በዛ። በየሦስት ወሩ ብቻ ድሪው ለምርመራ ይወጣል፤ ጠቁሮም ይገኛል።

"አየሽ፣ ተቀምጦ እንዲህ ከሆነ ቢደረግማ ምን ሊሆን ነበር!" ይላሉ፣ ክርክር እንደረታ ሰው።

ከዚያ ቅጣቱ ይጀምራል። አመድ በሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አንዴማ በረኪና። በረኪናው የድስት ቂጥ አስመሰለው። ድሪው ተፈትጎ፣ ተፈትጎ ሲነጣ ወደዚያው ጋዜጣ፣ ወደዚያው ጎማ ይመለሳል።

ዘንድሮ ሩታ ልታገባ ሆነ። አያቷ ተድረው የመጡበትን ድሪ አጥልቃ መዳር ነው ምኞቷ፤ ከእናቷ ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

"እማዬ፣ ለሠርጌ ድሪውን ስጪኝ።"

"ድሪውን?" አሉ ወይዘሮ አሳየሽ፣ ኩላሊት የተጠየቁ ይመስል። "ለቀኑ ነው ብዬሽ የለ?"

"ሠርጌ ቀን አይደለም?"

"ነው እንጂ። ግን ሰው ሁሉ ያቅፍሻል። ያልብሻል።"

"ታዲያ መቼ ላድርገው? ስሞት?"

"በኢየሱስ ስም!" አሉና ቁልፋቸውን ፍለጋ ተነሡ።

ድሪው ከሰል መስሎ ወጣ። በዚህ ጊዜ አመዱም ሎሚውም ስላቃታቸው እናትና ልጅ ከነጥቅሉ ተሸክመው ገበያው ዳር ወዳለው ብር ሠሪ፣ ወደ ሽማግሌው ሀብተሚካኤል ሄዱ። ሽማግሌው ጎማውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩት።

"ይሄን ማን አሰረው?"

"እኔ ነኝ ጋሽ ሀብቴ፤ ምንም እንዳይነካው ብዬ።"

"የነካውማ ይሄ ነው! ጎማ ብር ያጠቁራል፣ እህቴ። አመድሽ ደግሞ ቅርጹን ፍቆታል። ለብ ባለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ።"

"ከዚያስ የት ላስቀምጠው?"

"አንገትሽ ላይ። ብር ሲደረግ ነው የሚነጣው።"

ሠላሳ ዓመት ከሰው የተሸሸገው ነገር የጠቆረው ሰው አጥቶ ነው!

ሽማግሌው አጽድተው መለሱት። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። "አንቺ ስትሯሯጪ ትጥይዋለሽ፤ እስከዚያ እኔ ልያዘው" አሉ ወይዘሮ አሳየሽ፣ ከባድ መሥዋዕትነት እንደሚከፍሉ ሁሉ። በመጀመሪያው ቀን ከአንገት ልብሳቸው ሥር ደበቁት። በሦስተኛው ቀን ከላይ ሆነ። ለረቡዕ ጸሎት ሄደው ነጠላቸው ሦስት ጊዜ በራሱ ፈቃድ ከትከሻቸው ወረደ። የሠርጉን ቅቤ ሊገዙ ወደ በዴሳ ገበያ አድርገውት ወረዱ፤ ሽንኩርት ሲከትፉ አድርገውት ከተፉ። ሩታ ድሪው ሲያበራ ባየች ቁጥር፣ እንኳን ለሠርጓ ለልጇ ሠርግም እንደማይደርሳት እየታያት መጣ።

በሠርጉ ጠዋት ሩታ ነጭ ለብሳ፣ አንገቷ ባዶ ሆኖ ተቀመጠች። እናቷ ገቡ። ቆሙ። እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ሰደዱና ብዙ ቆዩ። ሩታ "ተይው እማዬ፣ አንቺው አድርጊው" ልትል አፏን ስትከፍት ድሪው አንገቷ ላይ አረፈ። ብር ቀዝቃዛ ነገር ይመስላት ነበር። ይሄ ግን የእናቷን ሙቀት ይዞ ነበር የመጣው።

"እንዳታወልቂው" አሉ ወይዘሮ አሳየሽ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ስትተኚም ቢሆን! ሰምተሻል?"

ጠባቂ ጠባቂ ነው፤ አዋጁ ብቻ ተገለበጠ። ከሠርጉ ወዲህ በየማለዳው ይደውላሉ፤ ሰላምታም የለም፦ "አድርገሽዋል?" ሩታ እናቷን መዋሸት አይሆንላትም። ስለዚህ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ፣ በእንቅልፍ ዓይኗ ትራስጌዋን ትዳብስና መጀመሪያ ታጠልቀዋለች፤ ከዚያ ትመልሳለች።