ስልኬ ካምፕ ይዞኝ የወጣ ዕለት

ትናንት እንቅልፍ እንደወሰደኝ ራሴን ያገኘሁት በካልሲ ተጠቅልዬ ነው። አንገቴ ብቻ ብቅ ብሏል። ያለሁት በጀርባ ቦርሳ የጎን ኪስ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳውን ያዘለው ደግሞ የገዛ ስልኬ ነው። ሁለት ቀጫጭን እግሮች አብቅሎ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ፊቱን ወልውሎ፣ ኮራ እያለ ወደ አውቶቡሱ ይሄዳል።

«ዝም በይ» አለኝ። «ከተያዝን አብረን ነው የምንባረረው።»

«ለምን እንባረራለን?»

«ሰው ማምጣት ክልክል ነዋ። ካምፕ የምንወጣው ከሰው ልናርፍ አይደል?»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ብቻ ካልሲው አለመታጠቡን ሳልነግረው አላለፍኩም።

አውቶቡሱ ባለበት ቆመ፤ መንገዱ ነው ከሥሩ የሄደው። ወሊሶን ተሸክሞ በመስኮታችን በኩል አሳለፋትና ወንጪ አደረሰን። ሐይቁ ሰማይ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ዳክዬዎቹ በጀርባቸው ይዋኛሉ። አብረውን የመጡት የቤት ዕቃዎች ሁሉ ድንኳን ተክለው ሣሩ ላይ ተሰበሰቡ።

የጉዞው አለቃ ጋሽ ሞንታርቦ ነበር፤ ዕድሜውን ሠርግ ላይ ሲጮህ የኖረ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ።

«ወገኖቼ!» ሲል ተራራው ተንቀጠቀጠ። «የመጣነው ተፈጥሮን ልናይ ነው! ሰው ይዞ የመጣ ግን ተፈጥሮ አያይም፤ ሰውየውን ሲነካካ ይውላል! ሰው ያለው አሁኑኑ ያውጣ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ካውያዋ እንፋሎቷን ዋጥ አደረገች። ፍሪጁ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፤ ከውስጡ ግን የሰው ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማ ነበር። እኔ በካልሲው ምክንያት አስነጠሰኝ።

«ይማርሽ» አለ ፍሪጁ ሳያስበው።

ጋሽ ሞንታርቦ ከነካልሲዬ መዝዞ አወጣኝ። «አጥፏት!»

ስልኬ እግሩ ሥር ወደቀ። «ጋሽዬ፣ ለመዝናናት አይደለም ያመጣኋት። እናቴ ሸኖ ያለች የመስመር ስልክ ናት። ዛሬ ከግድግዳው ሊነቅሏት ነው። ሳትነቀል ድምፄን ላሰማት እፈልጋለሁ። ከዚህ እስከዚያ ድምፅ የሚያደርስ ደግሞ ሰው ብቻ ነው፤ ጉብታው ላይ ወጥታ ትጩህልኝ።»

መነቀል ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ዕቃ አልነበረም። ጋሽ ሞንታርቦ ሊመልስ ሲል ከሆዱ ውስጥ ሳል ተሰማ።

«ሆድ ቁርጠት ነው» አለ ፈጠን ብሎ።

«እኔ ሆድ ቁርጠት ነኝ?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

የሆዱ ክዳን ተከፈተና ሶስና ፍርፍር የሞላ ሳህን ይዛ ወጣች። ሶስና በውን አብራኝ ድንኳን ውስጥ የተኛችው ጓደኛዬ ናት።

«ለድንገተኛ ብዬ ነው» አለ ጋሽ ሞንታርቦ ድምፁን ቀንሶ። ከዚያ በኋላ ማን ይፈራል? ሁሉም የደበቀውን ማውጣት ጀመረ። ከፍሪጁ ውስጥ ብርድ ልብስ የለበሰ የሒሳብ ሠራተኛ ወጣ።

በዚህ መሐል ግንባሬ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ቀይ ሆነ። በዚያ አገር ሰው ቻርጅ የሚያደርገው ከሌላ ሰው እጅ ሲጎርስ ነው፤ በገዛ እጁ የበላ ይብሱን ይወርዳል። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ዳቦ ቆሎ ስቆረጥም ነበር የመጣሁት። ስልኬ ምግብ በሽ በሽ አድርጎ አስሮልኝ የሚያጎርስ እጅ መያዝ ረስቷል። ገመዱን ይዞ የቻርጀሩን ራስ ቤት መርሳት ማለት ይሄ ነው።

«ነይ ላጉርስሽ» አለች ሶስና።

«ተይኝ። ከሰው እጅ ከምበላ ብጠፋ ይሻለኛል። ደግሞ ጥፍርሽን እይው፣ ግማሽ ሰፈር ተሸክሟል።»

«እሺ እመቤት። ስትጠፊ እናይሻለን» ብላ ሳህኗን ይዛ ከኋላችን ተከተለች።

ስልኬ አዝሎኝ ጉብታውን መውጣት ጀመረ። በወጣን ቁጥር ጉብታው ይረዝማል። መጀመሪያ እግሬ ከዳኝ፣ ቀጥሎ ዓይኔ ደበዘዘ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ድምፄ ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። ስልኬ አውርዶ ድንጋይ አስደገፈኝና አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አላስገድድሽም» አለኝ። «እናቴ ስንገናኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ‹በላህ ወይ?› ብላ ነው። እኔም ባልበላም በላሁ እላታለሁ። እሷ ደስ ይላታል።» ከዚያ የተሰነጠቀ ፊቱን ወደ ሣሩ ደፋ።

አንጀቴን በላኝ።

«ሶስና» አልኩ።

«አቤት እመቤት።»

«እንደው ማለቴ…»

«እንደው ምን?»

«አጉርሺኝ።»

«አልሰማሁም።»

«አጉርሺኝ አልኩሽ፣ አንቺ ደንቆሮ!»

«እንዲህ ተብሎም ይለመናል!» ብላ እየሳቀች ጡጫ የሚያክል ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ወዲያው እግሬ ነፍስ ዘራ፣ ዓይኔ በራ። ልጮህ ብድግ አልኩ።

«ወዴት? በአንድ ጉርሻማ አትሄጂም፣ ነውር ነው!»

«ኧረ ሰዓት የለንም!»

«በሞቴ!»

በሞቴ ተብሎ ማን እምቢ ይላል? ሁለተኛውን ጎረስኩ። እሱን ሳልውጥ «ይቺ ደግሞ የስልክሽ ናት» ብላ ሦስተኛውን ጠቀጠቀችው። ልክ በዚያች ሰዓት ከሸኖ በኩል ያረጀ የስልክ ጥሪ ተሰማና የደከመ ድምፅ ተከተለው።

«ሃሎ? ማነው? ልጄ፣ አንተ ነህ? ሰዎቹ ፒንሳ ይዘው በር ላይ ቆመዋል።»

«እምምም!» አልኩ።

«ሃሎ? አይሰማም!»

«ዋጪው!» ስልኬ በአንድ እግሩ ዘለለ። «በናትሽ ዋጪው! ሊነቅሏት ነው!»

ሶስና ጀርባዬን ትደቃኛለች፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ፍርፍሩ ወይ አይወጣ ወይ አይወርድ። እንደምንም ዋጥኩትና ያለ የሌለ ኃይሌን አሰባስቤ ጮህኩ።

«እማዬዬዬ!»

ተራራው ተቀበለኝ። ሐይቁ ከላዬ ተርገበገበ።

«ወዬ የኔ ጌታ!» አለች አሮጊቷ ስልክ። «በላህ ወይ?»

ስልኬ ተንሰቀሰቀ። «ደህና ነው፣ በልቷል በያት።»

ይህን ልል አፌን ስከፍት አንድ እጅ ትከሻዬን ይዞ ናጠኝ።

«መቅዲ! ኧረ ተነሽ!»

ነቃሁ። ድንኳን ውስጥ ነኝ፣ ፀሐይ ወጥቷል። ሶስና፣ እውነተኛዋ ሶስና፣ ስልኬን ጨብጣ ላዬ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሽ ነው? እማዬ እያልሽ ካምፑን አናጋሽው እኮ! እንደዚህ ስትሆን ምን ይደረግላታል ብዬ እናትሽን ልጠይቃት ደወልኩ። የሁላችንም ስልክ ሞቷል፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ ጨርሷል፣ ያንቺ ብቻ ትንሽ ነበረችው። ገና ሃሎ ሳልል አንቺ ጮህሽ።»

«ሰማች?»

«አልሰማችም ብለሽ ነው! ቅዠት ነው ብዬ ስነግራት አታዳምጠኝም። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ ነጠላ ዘቅዝቀዋል፣ የዕድሩ ሴቶች ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው ሊነሡ ነው። እስካሁን መስመሩ ላይ ናት።»

ስልኩን ነጠቅኳት። ከወዲያ ለቅሶው ደምቋል፤ ከሁሉም በላይ የናቴ ድምፅ ይሰማል።

«ልጄን! ልጄን ምን በላብኝ!»

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ስልኩ ጠፋ።