ተመርቃ የሰመጠችው ልጅ

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው ፊልም የተማረ የእህት ልጅ አልነበረውም! ለውጥ መጣ ሲባል አገሩ ሁሉ ፖለቲከኛ ሆነ፤ ጦርነቱ አለፍ ሲል ደግሞ የተረፈው ሁሉ ዳይሬክተር...

የእኔው ከድር ደሴ ኮሌጅ ፊልም ሲማር ከርሞ የመመረቂያውን ሊሠራ እኛ ዘንድ ሐይቅ ከተማ መጣላችሁ። የኮሌጁን ካሜራ ጦርነቱ ስለበላው፣ ምስጋናው የሚባል የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ይዟል። ታሪኩ? ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል አባቷ ይረግማታል፤ እሷም እያለቀሰች ሐይቁ ውስጥ ገብታ ትሰምጣለች። አለቀ! አባትየው እኔ ሆንኩ።

«ለምን እኔ?»

«አጎቴ፣ ያንተ ፊት ሜካፕ አይፈልግም።»

ባለጌ!

ልጅቷ የጎረቤታችን የመሪማ ልጅ ዘሃራ ናት። መስመጧን ጠዋት ቀርጸው ጨረሱ፤ የቀረው የእኔ እርግማን ብቻ ነው። ፊልሙ በማግስቱ ካልገባ ከድር አይመረቅም።

ሐይቁ ዳር ቆሜ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ «መንገድሽ...» ከማለቴ መሪማ ዘላ መሃል ገባች! ልጇ ስትሰምጥ ቆሎ እየቆረጠመች ያየች ሴትዮ እኮ ናት!

«አያ ሰይድ! በልጄ ላይ አፍህን እንዳትከፍት!»

«ትወና እኮ ነው እትዬ» አለ ከድር።

«ትወና መሆኑን ሰማይ ያለው መላይካ በምን ያውቃል? አሚን ብሎ ቢያልፍስ? ልጄ ቪዛዋ ወጥቶ በሚመጣው ሳምንት ጂዳ ሂያጅ ናት!»

እውነት ለመናገር እኔም እጄን አወረድኩ። እኛ ዘንድ የአባት እርግማን መሬት ጠብ አይልም፤ የውሸት አባትም ቢሆን ማን ይሞክረዋል?

«ግጭት የሌለው ፊልም ፊልም አይደለም!» ጮኸ ከድር።

«ግጭት ከናፈቀህ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ሞልቶልሃል!» አለችው።

በመጨረሻ ተስማሙ፤ መጀመሪያ ልመርቃት፣ ምርቃቱ ጋሻ ከሆናት በኋላ ልረግማት። ጀመርኩ። ወሎ ላይ ምርቃት ከተጀመረ ደግሞ ማን ያቆመዋል?

«መንገድሽ ይቅና!»

«አሚን!»

«ከክፉ አሠሪ ይሰውርሽ!»

«አሚን!»

ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ጥለው መጡ። መረባቸውን መረቅሁ፣ የባጃጁን ጎማ መረቅሁ... «ያን ጦርነት ዳግም አያሳየን» ስል ግን አሚኑ ሐይቁን አነቃነቀው፤ እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። ምስጋናው ሠርግ መስሎት እየዞረ፣ «አሜን» እያለ ይቀርጻል።

«ካት! ካት!» ይላል ከድር።

«አንተ ልጅ፣ ምርቃት አይቆረጥም!» እለዋለሁ።

ጨርሼ «በል አሁን እርገም» ስባል የካሜራው ባትሪ ሞተ። ከተማውም መብራት የለው!

እንግዲህ ፊልሙ እንዲህ ሆኖ ደሴ ገባ፦ አባት አገር ምድሩን ይመርቃል፤ ልጅቷ አሚን ብላ፣ ጉልበቱን ስማ፣ በቀጥታ እሪ እያለች ሐይቅ ውስጥ ትገባለች።

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ «ለምን ሰመጠች?» አለ።

ከድር ላብ አጠመቀው። መልስ ሲያጣ ዝም አለ።

«አሃ! ገባኝ!» አለ መምህሩ። «ማኅበረሰቡ ልጆቹን እየመረቀ ያሰምጣል! እንዴት ያለ ጥልቅ ሐሳብ ነው!» አንደኛ አደረገው።

መሪማ ይህን ስትሰማ «ይኸ ሰውዬ ልጅ የለውም ወላሂ!» አለች። ዘሃራ እንደሁ ጂዳ በሰላም ገብታለች፤ ከምርቃቱ ይሁን ከቪዛው እኔ አላውቅም።

ከድርን «ለመሆኑ ከዚህ ፊልም ምን ተማርክ?» ስለው፣ ደረቱን ነፍቶ «ያልገባህን ሲጠይቁህ ዝም ማለት» አለኝ።

ለዚህ ነው ኮሌጅ የላክነው? ይህንንማ አህያችንም ታውቀዋለች!